ማሩ አባቶቹን ሲቆጥር

ይህ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ ይተወው፤ ወለላ ግን በአፏ ነግራኛለች።

1949 ዓ.ም.፣ ጥር ወር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት... ጎንደር ከተማ፣ ፍርድ ቤት።

ወለላ ባሏን ማሩን እጁን ይዛ ገባች። የርስት ክርክር ነው። ማሩ ሰባት አባቶቹን መቁጠር ካልቻለ የዳባቱ መሬት ለፋንታሁን ይሆናል።

ድሮ ቢሆን ቀላል ነበር። ርስት የሚከራከር ሁሉ ማር ይዞ የማሩን ደጅ ይጠና ነበር፤ የአገሩን ትውልድ የሚያውቀው እሱ ነዋ።

ፋንታሁን የአክስቱ ልጅ ነው... ዘመድ ከተባለ። ማሩ ወንድሙ ሞቶበት ቢተክዝ፣ "አዲስ አበባ ሸጋ ሕክምና አለ" ብሎ ወሰደው። እዚያ አንድ ፈረንጅ ጭንቅላቱን በኤሌክትሪክ ጠበሰው። አሥራ ሁለት ጊዜ!

እግሩን ጥርቅም አድርጎ የያዘው ደግሞ ፋንታሁን ነው። "ወገኔን ባዕድ አይይዘውም" አለ አሉ፣ አፈር ይብላና።

ሐኪም ተብዬውም "በሁለት ሳምንት ሁሉም ይመለስለታል" አለ። ይኸው ሁለት ዓመቱ። ማሩ የገዛ ድንበሩ ጠፍቶት የሰው ማሳ ያርሳል። ማር ይዞ የሚመጣም የለም።

ከዚያ ውሻቸው ማሩን ይጮህበት ጀመር። ፋንታሁን ሲመጣ ግን እግሩ ሥር ይተኛል...

አንድ ቀን ፋንታሁን ጓሯቸው ዘለቀ። ማሩ ለብቻው የቀበረውን ጥይት ቆፍሮ አወጣ።

"ምነው ፋንታሁን፣ ማን ነገረህ?" አለች ወለላ።

"እንጃ..." አለ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

እንግዲህ ፍርድ ቤቱ ውስጥ ዳኛው ማሩን "በል ቁጠር" አሉት።

"ማሩ... የነጋ ልጅ... ነጋ..."

ዞሮ ወለላን አየ።

"ነጋ ሐብተ ማርያም..." አለች ወለላ በሹክሹክታ።

"አንቺ! ዝም በይ!" አሉ ዳኛው።

ማሩ አንገቱን ደፋ። ፋንታሁን ሳቀ፣ ጥርሱ ይርገፍና።

"አንተስ?" አሉት ዳኛው።

ጋቢውን አስተካክሎ ተነሳ። አፉን ከፈተ...

"ማሩ ነጋ እባላለሁ።"

ድምፁ የፋንታሁን አልነበረም።

"ነጋ ሐብተ ማርያም... ሐብተ ማርያም ወልደኢየሱስ..."

ሰባቱንም አንድ ሳያዛንፍ ቆጠረ። በሁለት እጁ አፉን ሊያፍን ታገለ፤ ድምፁ ግን በጣቶቹ መሃል መውጣቱን ቀጠለ።

ከዚያ ዞር አለ።

"ወለላዬ... ምነው ዘገየሽ?"

ወለላ ሳታስበው ተነሳች። ድምፁ ወደመጣበት ሄደች።

ማሩ አጠገቡ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ጠጋ ብሎ፣

"አያ፣ ያቺ ሴትዮ የማን ሚስት ናት?" አለ።