የኦቦ ነገሳ ማኅተም

ስልክ ጠጋኙ ኦቦ ነገሳ ቡራዩ በሚገኘው ሱቃቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። ጭንቅላታቸው ከብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጭቷል። ያገኘቻቸው ስምንት ሰዓት ላይ ከምሳ የተመለሰችው ሠራተኛቸው ትጊ ናት። ፖሊሶችም የግቢውን ሽማግሌ ዘበኛ፣ ኦቦ ያደታን፣ ከውጭ ማንም አልገባም ስላሉ ብቻ በካቴና አሰሯቸው። ይኼ ነው እንግዲህ ምርመራ ተብዬው!

ኢንስፔክተር የሺሃረግ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ ሱቁን ቃኘች። አዳዲሶቹ ስልኮች አልተነኩም። የሟቹ የአንገት ክር ብቻ ተበጥሷል።

«ክሩ ላይ ምን ነበር?»

«የማኅተሙ መሳቢያ ቁልፍ» አለች ትጊ እያለቀሰች። «ለማንም አይሰጡም። መጀመሪያ ይፈርማሉ፣ ከዚያ ማኅተሙን ፊርማቸው ላይ ያሳርፋሉ።»

«ሰሞኑን ማን አስፈረማቸው?»

«እኔ። ጎረቤታችን ሽመክትም ጠይቋቸው ነበር። ሁለታችንም ክሬዲት ካርድ አውጥተናል። የቱን ልምረጥ ሲለኝ፣ ስልክ ሲሰበር ባንኩ የሚከፍልበትን ውሰድ አልኩት። ግን ስልኩ የተሰበረው ካርዱ ከወጣ በኋላ መሆኑን ጠጋኝ በባንኩ ቅጽ ላይ መመስከር አለበት።»

በማግስቱ የሺሃረግ ትጊን፣ ሽመክትንና ኦቦ ያደታን ሱቁ ውስጥ ሰብስባ፣ ከባንኩ ያመጣቻቸውን ሁለት ቅጾች ዘረጋች።

«ገዳዩ ማኅተሙን ብቻ ነው የፈለገው። ኦቦ ያደታ የያዙት ባለ በተን ስልክ ነው፣ ካርድም የላቸውም። በትጊ ቅጽ ላይ ማኅተሙ ፊርማው ላይ አርፏል። ያንተ ላይ ግን፣ ሽመክት፣ ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ያስገባኸው ላይ፣ ፊርማው ማኅተሙ ከተመታ በኋላ በላዩ ተጽፏል።»

«ቸኩለው ነዋ!» አለ ግቢው ውስጥ የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው ሽመክት። «ስልኬ የወደቀብኝ ባለፈው ማክሰኞ ነው። ከዚያ በፊት እዚህ አምጥቼው አላውቅም።»

«ክፈቺው» ብላ የሺሃረግ የሽመክትን ስልክ ለትጊ ሰጠቻት።

ትጊ የስልኩን ጀርባ በቀጭን መፍቻ አነሳችው። ኦቦ ነገሳ በከፈቱት ስልክ ሁሉ ውስጥ ቀን ይጽፉ ነበር። የእሳቸው የእጅ ጽሑፍ እዚያው ነበር፦ መጋቢት 3፣ ስክሪኑ ተሰብሯል።

«ያኔ እኔ ገና አልተቀጠርኩም ነበር» አለች ትጊ።

«ካርዱን ያወጣኸው መጋቢት 20 ነው!» የሺሃረግ ጠረጴዛውን በጡጫ መታችው። «ስልክህን ሰብረህ ካርድ መረጥክ። እሳቸው በሐሰት አልመሰክርም አሉህ። ዘበኛው ስትገባ ያላዩህ፣ ድሮም እዚሁ ግቢ ውስጥ ስለነበርክ ነው።»

«ቀኑን ብቻ ቀይሩልኝ አልኳቸው! ገፋ ነው ያደረግኳቸው!»

«ከወደቁ በኋላ ግማሽ ሰዓት በሕይወት ነበሩ ብሏል ሐኪሙ። አንተ ግን ክራቸውን በጥሰህ ማኅተም ስትመታ፣ ፊርማ ስታስመስል ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነህ?»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ተፈቶ ሽመክት እጅ ላይ ገባ። ኦቦ ያደታ ያበጠ እጃቸውን እንኳ አላሹም።

«ግማሽ ሰዓት?» አሉ። «ዱጉማ? እውነት ነው? እኔ እኮ እዚሁ የግቢው በር ላይ ተቀምጬ ነበር። ብትጠራኝ ኖሮ ተሸክሜ ሐኪም ቤት አደርሰው ነበር።»

ሽመክት ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም።