ባለሁለት ጭራው

«አለ! አለ! ባለሁለት ጭራው አለ!»

ቆቅ የሚሏት ልጅ ነጩን ሳህን ከፍ አድርጋ ስትጮህ በጅረቱ ዳር የነበረው ሰው ሁሉ እየተጋፋ መጣ። ሳህኑ ውስጥ ከጥፍር የማይበልጡ ቡናማ እጮች ሁለት ሁለት ጭራቸውን እያወናጨፉ ይርመሰመሳሉ። የዓሣ አጥማጆቹ ማኅበር ሊቀመንበር፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ጭኑ ድረስ በሚደርሰው የላስቲክ ቦቲው ጭፈራ ጀመረና ውኃው ውስጥ ከመዘፈቅ ለጥቂት ተረፈ። ከውኃ ቢሮ የመጣችው ባለሙያ ማጉያ መነጽሯን አውጥታ ጎንበስ አለች።

«ራሱ ነው» አለች ፈገግ ብላ።

መንገደኛ ቢያያቸው «ለትል ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?» ብሎ በሳቀባቸው ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። ባለሁለት ጭራው የሚሉት ይህ የነፍሳት እጭ ንጹሕና ቀዝቃዛ ውኃ ካላገኘ አይኖርም፤ ውኃ ሲቆሽሽ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠፋው እሱ ነው። ከድልድዩ በላይ ያለው የመኪና እጥበት አረፋውን ወደ ጅረቱ መልቀቅ የጀመረ ጊዜ መጀመሪያ እሱ ጠፋ፣ ቀጥሎ ትራውት የሚባለው ዓሣ። አጥማጆቹም መንጠቆአቸውን ሰቅለው መረብና ቴርሞሜትር ያዙ። በየወሩ እየመጡ ድንጋይ ገለበጡ፣ እጭ ቆጠሩ፣ ያዩትን ይዘው ቢሮ ለቢሮ ዞሩ። የማታ ማታ የእጥበቱ ቱቦ ከጅረቱ ተነሥቶ ወደ ማጣሪያ ዞረ። ያኔ ቃል ተገባቡ፦ ባለሁለት ጭራው በባለሙያዋ ፊት እዚህ ታችኛው መታጠፊያ ላይ እስኪገኝ ድረስ ማንም መንጠቆ አይጥልም።

ማኅበሩ አንድ ሕግ አለው። ስለ ዓሣ መዋሸት ይቻላል፤ ስለ ውኃ አይቻልም። የመጀመሪያውን ክፍል ሁሉም በታማኝነት ያከብረዋል። ፀጉር አስተካካዩ ድሮ የያዛት መዳፍ የማታክል ዓሣ ደንበኛ በተስተካከለ ቁጥር እያደገች አሁን ክንድ አልፋለች። ሁለተኛው ክፍል ግን ቀልድ አያውቅም።

ቆቅ ወደ አያቷ ዞረች። ታጣፊ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ዓይናቸውን በኮታቸው እጅጌ ይጠርጋሉ። ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ውኃ ሳያደፈርሱ ድንጋይ ማንሣትን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። አሁን ጉልበታቸው እምቢ ስላለ በሳምንቱ መጨረሻ አክስቷ ልትወስዳቸው ነው፤ ሩቅ ከተማ፣ ውኃ ከቧንቧ እንጂ ከድንጋይ መሃል የማይወጣበት ፎቅ ላይ። በየቆጠራው ቀን «ምናልባት» እያሉ የማጥመጃ ዘንጋቸውን በጨርቅ ከረጢት ይዘው ይመጡ ነበር። ዛሬ ከረጢቱን መፍታት ጀመሩ። የቆቅ አንጀት በደስታ ራሰ።

«ቀወጥነው አይደል?» አለ አንድ ድምፅ ጆሮዋ ሥር።

ጎረቤቷና የክፍል ጓደኛዋ ፌንጣ ነው፤ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንለት የወጣለት ስም ነው። «አቦ፣ አረፋው ያልደረሰበት፣ ከፏፏቴው በላይ፣ ባለሁለት ጭራው ሞልቶልሻል» አለ በሹክሹክታ። «ጠዋት ማንም ሳይመጣ በባልዲ አምጥቼ ድንጋዮቹ ሥር በተንኳቸው። ለአባባ ብዬ ነው። ነቄ ሁኚ፣ አፍሽን ብቻ ዝጊ።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰላት። ከዚያ እስከ ክርኑ የረጠበ እጅጌውንና ቁጥቋጦ ሥር የተወሸቀውን ባልዲ አየች። ቆቅ ያሏት ዓይኗ ምንም ስለማያመልጠው ነበር፤ ዛሬ ግን ባላየሁ ብላ ተመኘች።

ዝም ብትል ማን ያውቃል? አያቷ የዘንጉን ቁራጮች አገጣጥመው ጨርሰዋል። መንጠቆውን ሲያስሩ ማንም እንዲያግዛቸው አልፈቀዱም። ብትናገር ቆጠራው ይሰረዛል፤ የሚቀጥለው ሲደርስ እሳቸው የሉም። ደግሞስ ዝም ብላ ውኃው ገና ያልዳነ ቢሆን? ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ዘንጉን ይዞ ይመጣል፣ የተረፉትም ጥቂት ዓሦች ያልቃሉ። «ሆድ ይፍጀው» ብላ ልትውጠው ሞከረች። አልዋጥ አላት።

«ቆይ፣ አባባ» አለች። ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ጎልቶ ወጣ። «ይሄ ቆጠራ አይያዝም። እጮቹ ከላይ በባልዲ የመጡ ናቸው።»

ጭፈራው ቀጥ አለ። ማን እንዳመጣቸው አልተናገረችም፤ ቢገድሏትም አትናገርም ነበር። ፌንጣ ግን መሬት መሬቱን አይቶ አይቶ ወደ ፊት ወጣ።

«እኔ ነኝ» አለ። «አባባ ሳያጠምዱ እንዳይሄዱ ብዬ ነው።»

አያቷ ቀስ ብለው ዘንጉን መልሰው ለያዩት።

«ና ወዲህ» አሉት ፌንጣን። ሲመጣ ጭንቅላቱን ዳበሱት። «በዓሣ ብትዋሸኝ ኖሮ እኔም ጨምሬልህ ባወራሁት ነበር። ውኃ ግን አፍ የለውም ልጄ። በእኛ አፍ ነው የሚናገረው።»

ቆቅ እንባዋን ላለማሳየት ፊቷን ወደ ጅረቱ አዞረች። እዚያ የተደረደሩትን ቋጥኞች ስታይ ነው ባለሙያዋ አንድ ጊዜ የነገረቻቸው ትዝ ያላት። ባለሁለት ጭራው ሲጎለምስ ውኃው ውስጥ አይቀርም። ድንጋይ ላይ ይወጣል፣ ቆዳውን እንደ አሮጌ ልብስ አውልቆ ይጥላል፣ ክንፍ አውጥቶ ይበራል። እነሱ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ የፈለጉት ውኃ ውስጥ ነው። ደረቁን ማን ዞር ብሎ አይቶት ያውቃል?

ውኃውን እየረጨች ሮጠች። የመጀመሪያው ቋጥኝ ሥር ተንበርክካ ከውኃው በላይ ያለውን ጥላማ ጎኑን አየች። ምንም የለም። ቀጥሎ ያለውም ባዶ ነው። ሦስተኛው ላይ የሸረሪት ድር ነበር፤ ድሩ ውስጥ አቧራ የለበሰ፣ ጀርባው የተሰነጠቀ ባዶ ቆዳ ተጣብቋል። ሁለት ጭራ አለው። ከጎኑ ሌላ አለ፣ ከሥሩም ሌላ።

«እትዬ!» ብላ ጮኸች። «እትዬ፣ ይምጡልኝ!»

ባለሙያዋ ሱሪዋን እንኳ ሳትሰበስብ ውኃው ውስጥ ገባች። ማጉያዋን አስጠግታ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች ፈተሸችው።

«እነዚህ ዛሬ የመጡ አይደሉም» አለች በመጨረሻ። «ድሩን እዩት፣ አቧራውን እዩት። እዚሁ አድገው፣ እዚሁ ቆዳቸውን ጥለው የበረሩ ናቸው። በዚህስ እኔም እፈርማለሁ። ጅረታችሁ ድኗል!»

ከዚያ በኋላ መደማመጥ ቀረ። ፀጉር አስተካካዩ ዘለለ፤ በዚህኛው ግን ከመዘፈቅ አልተረፈም። ከነቦቲው ሰጥሞ ሲወጣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ቀዝቃዛ ነው! እንደ በረዶ!» እያለ ይስቃል። ትራውት የሚወደው ደግሞ እንዲህ ያለውን ውኃ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉ ነበር» አሉ አያቷ ዘንጉን እንደገና እየገጣጠሙ። «የዛሬውስ ማደርም አላስፈለገው።»

ቆቅ ክንዳቸውን ደግፋ ውኃው ጫፍ አደረሰቻቸው። የመጀመሪያው ውርወራ ቁጥቋጦ ላይ ተንጠለጠለ። ሁለተኛው በሰላም ውኃው ላይ አረፈ፣ ብዙም ሳይቆይ ክሩ ተወጠረ፣ ዘንጉ ጎበጠ። ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ መምከር ጀመረ፤ እሳቸው ማንንም አልሰሙም። ጠቃጠቆ የሞላባትን ትራውት እጃቸውን አርጥበው ያዟት፣ መንጠቆውን ነቀሉላትና ለቀቋት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አያችሁልኝ? ይሄን ታክላለች!»

ከያዟት ሦስት እጥፍ ነበር። ማንም አላረማቸውም።

«በይ ነይ፣ ተራሽ ነው» ብለው ዘንጉን ለቆቅ ሰጧት። እጀታው ከመዳፋቸው የቀረ ሙቀት ነበረው። ይህችን ቀን ስንት ጊዜ በሕልሟ አይታታለች! ቀና ስትል ግን ፌንጣን አየችው። እጮቹን ወደ ባልዲው መልሶ ብቻውን ዳገቱን ይዟል። ውኃው በየእርምጃው እየፈሰሰ ሱሪውን ያርሰዋል፤ ፏፏቴው ገና ሩቅ ነው።

«አባባ፣ እስክመለስ ያዙልኝ» አለች ዘንጉን መልሳ።

«ዓሣው አይጠብቅሽም እኮ» አሉ፤ ዓይናቸው ግን ይስቅ ነበር።

«ይጠብቀኛል። ቤቱ ነው።»

ሮጣ ደረሰችበትና የባልዲውን እጀታ በአንድ ወገን ያዘች። ፌንጣ ቀና ብሎ አላያትም።

«ይከብዳል» አለ ትንሽ እንደሄዱ።

«ነቄ ነኝ» አለች ቆቅ፤ ውኃው እንዳይፈስም እርምጃዋን ከእሱ እርምጃ ጋር አስተካከለች።