ምስል አልሰጥ ያለው ሳጥን

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ ወዲያ ብትስቁም ሳቁ። እዚህ ጋይንት ዕድሜዬን ሙሉ ስኖር፣ ዛፍ ሥር ምን ታየኝ፣ ወንዝ ዳር ማን ጠራኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ፣ «ስንት ጣሳ ጠላ ጠጥተህ ነበር?» ብዬ ነው የምጠይቀው፣ በዚህም የተነሣ የተቀየመኝ ሰው ብዙ ነው። ሠላሳ ዓመት የደብራችንን ደወል ስደውል፣ ጎህ ሳይቀድ መቃብሩን አቋርጬ ስገባና ስወጣ፣ ከጅብ በቀር አንድም ነገር አላየሁም። የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ ደግሞ ሌሊት እንኳ አይደለም፣ ማርያምን፣ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ነው፣ አርብ ገበያ ከተማ፣ ልጄ ትርንጎ በተከራየቻት አንዲት ክፍል ሱቅ ውስጥ።

ሞባይል ወደ አገራችን ከገባ ገና ብዙ አልቆየም፣ ወሩ ሐምሌ ነው፣ ዝናቡም ጉሙም የከበደበት። ባለቤቴ ይመኙሻል ሆዷን ታማ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ተኝታለች፣ ደሴ የሚባለው ወንዱ ልጄ አብሯት አለ፣ በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ቀደው ሊያክሟት ቀጥረዋታል። እኛ ቀበሌ ኔትወርክ የሚሉት ነገር ስለሌለ፣ ያንን የሁለት ሰዓት መንገድ በጭቃ ወርጄ ስልክ ልጠብቅ ትርንጎ ዘንድ መጣሁ። «ወጣች፣ ደኅና ናት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። አርባ ዓመት አብረን ኖረናል፣ እንጀራችንን ተለያይተን የበላንበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

ስገባ ትርንጎ ወለሉ ላይ ጆንያ አንጥፋ፣ መሐሉ ላይ አንድ ጎኑ የተከፈተ ሳጥን አስቀምጣ፣ በጉልበቷ ተንበርክካለች። ይህች ልጅ ባሕር ዳር ኮምፒውተር ተምራ የመጣች ናት፣ ለሰው ማመልከቻ እየጻፈች ልትተዳደር አስባ፣ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝታ በገዛ እጇ ገጣጥማዋለች።

«እንደምን ዋሉ አባባ፣ ይግቡ፣ እዚያ ጋ ብቻ እንዳይረግጡ፣ ብሎን አለ።»

«ስልክ ተደወለ?»

«ገና ነው። ኔትወርኩም መጣ ሄደ እያለ ነው፣ ጉሙ ነው መሰለኝ።»

«እናትሽ ቢላ ሥር ሆና አንቺ ብሎን ትፈቻለሽ?»

ቀና ብላ አየችኝ፣ ዓይኗ ቀልቷል። «እጄን ሥራ ካላስያዝሁት አብዳለሁ አባባ። እርስዎም በሩን በሩን ከሚያዩ ይችን ባትሪ ያብሩልኝ።»

ባትሪውን ይዤ አጠገቧ ቁጭ አልሁ። ነገሩ እንዲህ ነው አለችኝ፣ ይነሣል፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ትንሿ አረንጓዴ መብራት ትበራለች፣ ግን ምስል አይሰጥም፣ መስተዋቱ ጥቁር እንደሆነ ይቀራል።

«እንግዲያ የተበላሸው ቴሌቪዥኑ ነዋ» አልኋት።

«አይደለም፣ ትምህርት ቤት ወስጄ ሌላ ላይ ሞክሬዋለሁ፣ ደኅና ነው። ገመዱንም ቀይሬያለሁ።» ከዚያ ራም የምትለውን ጣት የምታህል ስስ ነገር ነቅላ፣ እንደ ተማሪ ደብተር በላጲስ ታሸው ጀመር። ያን ሁሉ ዓመት ያስተማርኋት ለላጲስ ነው እንዴ ብዬ በሆዴ ተናደድሁ። መልሳ ሰካችው፣ አስነሣችው፣ ጥቁር። አጠፋችው፣ ሌላ ቀዳዳ ላይ ሰካችው፣ አስነሣችው፣ አሁንም ጥቁር።

ሙሉ የሚሉት የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ አንገቱን በበሩ አስገባና፣ «አያ ካሴ፣ ጠበል ያስረጩት እንጂ፣ ይኼ እኮ ዛር አለበት» አለኝ።

«አንተ መጀመሪያ የእኔን ሱሪ በልኬ ስፋ፣ የዛሩን ኋላ እንነጋገራለን» አልሁት። ትርንጎ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፣ በዚያ ቀን የሳቅነው እሱን ብቻ ነው።

ሙሉ ከሄደ በኋላ ትርንጎ ግንባሯን መታ አደረገችና፣ «ለካ የምትጮኸዋን አልሰካኋትም!» አለች። ባቄላ የምታህል ጥቁር ነገር ናት፣ ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ያላት። ኮምፒውተር ምስል መስጠት ሲያቅተው ምን እንዳመመው በጩኸት ይናገራል፣ ጩኸቱን ቆጥረን ከደብተሬ እናየዋለን አለችኝ። ሰካቻትና አስነሣችው። ማራገቢያው ተንሾካሾከ፣ ትንሽ ቆየ፣ ከዚያ አንድ ረጅም ጩኸት፣ ቀጥሎ ሁለት አጭር።

ጢ...ት። ጢት፣ ጢት።

ባትሪው ከእጄ ወደቀ።

ይኸውላችሁ፣ እኛ ደብር ሰው ሲሞት ደወሉ የሚደወለው እንዲህ ነው። አንዱን መትተህ ድምፁ በራሱ እስኪያልቅ ትተወዋለህ፣ ከዚያ ሁለቱን አከታትለህ መትተህ በመዳፍህ ታፍናቸዋለህ። ይኸ ሦስት ጊዜ ይደገማል። በመጀመሪያው ሰው የያዘውን ሥራ ይጥላል፣ በሁለተኛው ነጠላውን ያዘቀዝቃል፣ ሦስተኛው እስኪደወል ግን ማንም አፉን ከፍቶ አያለቅስም፣ የሟቹም ስም አይጠራም፣ ሞቱ የሚጸናው በሦስተኛው ነው። ይህንን ሠላሳ ዓመት የደወልሁት እኔ ነኝ። ከዛፍ ወድቄ ቀኝ ትከሻዬ አልታዘዝ ካለኝ ወዲህ ደግሞ የመጨረሻዋን ምት ትንሽ አዘገያት ነበር፣ አገሩ ሁሉ በዚያች መዘግየት ያውቀኛል። ደወሉን ለቄሰ ገበዙ ካስረከብሁ ያኔ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ትርንጎ ይህን አታስበውም፣ ደብተሯን ገልጣ፣ «አንድ ረጅም ሁለት አጭር! የምስሉ ካርድ ነው አባባ፣ በደንብ አልገባም ማለት ነው፣ አገኘሁት!» ብላ ፈነጠዘች።

«አጥፊው።»

«ምን ሆኑ?»

«አጥፊው አልሁሽ!»

እጇን ስትዘረጋ መብራት ሄደ። የከተማው ሁሉ ነው የሄደው፣ የሙሉ ሬዲዮ ዘፈኑን መሐል ላይ ቆረጠችው፣ እሱም እንደ ልማዱ ሲሳደብ ሰማሁት። የሳጥኑ ማራገቢያ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ። አረንጓዴዋ ጠፋች። ከጣራው የሚወርደው ጠብታ ብቻ ቀረ። እኔም ተመስገን ልል አፌን ስከፍት፣ እመኑኝ፣ ያ መብራት የሌለው፣ ማራገቢያው የቆመ ሳጥን እንደገና ጮኸ።

ረጅሙ እንደ ቅድሙ አልተቆረጠም፣ እንደ ነሐስ እየተንቀጠቀጠ በራሱ እስኪያልቅ ሄደ። ሁለቱ አጫጭሮች የታፈኑ ነበሩ፣ መዳፍ ያረፈባቸው ይመስላሉ። የመጨረሻዋም ዘገየች። በእኔ ትከሻ ልክ ዘገየች።

ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፣ የሰካችውን ገመድ በሁለት እጄ ይዤ ከግድግዳው መነጨቅሁት፣ መሰኪያው ከነልስኑ ወጣ።

«አባባ! መብራት እኮ የለም!»

«ሦስተኛውን አይደውልም» አልሁ፣ ለማን እንደተናገርሁ አላውቅም። ገመዱን ደረቴ ላይ አቅፌ ቁጭ አልሁ። ሦስተኛው አልመጣም። አንድ ጸሎት የሚያስደርስ ያህል ቆየን፣ አልመጣም።

«ሰምተሻል?» አልኋት።

«ሰምቻለሁ።» ቀጥላም፣ «ውስጡ የቀረ ኃይል ይኖራል አባባ፣ አንዳንዴ ይኖራል» አለች፣ ግን ወደ ሳጥኑ አታይም።

ስልኩ የተደወለው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ትርንጎ ጆሮዬ ላይ አስጠጋችልኝ። «ወጥታለች አባባ፣ ነቅታለችም» አለ ደሴ፣ ከዚያ ልጁ አለቀሰ። «አስፈርታን ነበር እንጂ። ውስጥ ሳለች ትንፋሿ ጠፍቶ ነበር አሉ፣ ሐኪሞቹ ሲሯሯጡ ነበር፣ ኋላ ተመለሰላት።»

«በስንት ሰዓት?»

«እኔ መች ሰዓት አየሁ አባባ። ዘጠኝ ይሆናል፣ ዘጠኝ ተኩልም ይሆናል።»

እንግዲህ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ፣ ሽማግሌ ደንግጦ ያልሰማውን ሰማ ብዬ ራሴን እዳኝ ነበር፣ እናንተንም አላስቸግርም። በማግሥቱ ወደ ቀዬዬ ወጣሁ፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ስደርስ ቄሰ ገበዙ ከሩቅ አይተውኝ ወደ እኔ መጡ፣ ፊታቸው ጠቁሯል።

«አያ ካሴ፣ እንዲህ ያለ ነገር ከእርስዎ አልጠብቅም ነበር። ትናንት ደወሉን ለምን ነኩት?»

«እኔ? እኔ ትናንት አርብ ገበያ ነው የዋልሁት፣ አባቴ።»

«ኧረ ይተዉ። ጉም ነበር፣ ዓይን አያሳይም፣ ማንም አላየዎትም፣ ግን የእርስዎን እጅ እኔ አጣዋለሁ? ሁለቱን ደወሉና ተዉት። ሰዉ አረሙን ጥሎ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሦስተኛውን ሲጠብቅ እዚህ ግቢ መሸበት። ማን ነው፣ ማን ነው ብለን በየቤቱ ዞርን።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም።»

«ቁልፉስ?» አልኋቸው።

ከቀሚሳቸው ውስጥ ከአንገታቸው በክር የተንጠለጠለውን አወጡና አዩት፣ እኔንም አዩኝ። የደወሉ ቤት ቁልፍ ያ አንድ ብቻ ነው፣ እኔው ነኝ በእጄ ያስረከብኋቸው። እስከ ዛሬም ያንን ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም።

ይመኙሻል በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰች፣ ይኸው አለች፣ ከእኔ ትሻላለች፣ ይህንንም ነገር አልነገርኋትም፣ አትንገሩብኝ። ትርንጎ የምስሉን ካርድ ነቅላ ጫን አድርጋ ሰካችው፣ መስተዋቱም በራ፣ ዛሬም ድረስ ማመልከቻ ትጽፍበታለች። ጠዋት ስታስነሣው አንድ ጊዜ አጭር ይጮኻል፣ ደኅና ነኝ ማለቱ ነው ትለኛለች። አርጅቷል፣ ይሸጥና ሌላ ልግዛ ብላ ስንት ጊዜ ለመነችኝ፣ እምቢ አልሁ፣ አውጥተሽ ጣዪው እንኳ ብዬ አላውቅም። ሌላ ሰው ቤት ሆኖ ቢጮኽ ማን ይደርስበታል?

መሬቱን ለደሴ ትቼ፣ ይመኙሻልን ይዤ አርብ ገበያ ገባሁ። ሱቁ ሲከፈት እገባለሁ፣ ሲዘጋ እወጣለሁ፣ በርጩማዬም መሰኪያው አጠገብ ናት፣ ገመዱን ሳልነሣ የምይዝበት ቦታ። ሙሉ፣ «አያ ካሴ በሽምግልና ኮምፒውተር ወደዱ» እያለ ለሰው ያወራል፣ ያውራ። ይመኙሻል በስድስት ሰዓት ምሳዬን ይዛ ትመጣና አጠገቤ ትቀመጣለች፣ አንዳንድ ጊዜ ስታወራኝ አልሰማትም፣ ጉልበቴን ነካ ታደርገኛለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን እያዳመጥህ ነው?» ትለኛለች።

«ምንም» እላታለሁ።