ነፋስ ያዘው

ሰውየው ሻንጣውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና፣ «እጀታው መንገድ ላይ ከዳኝ» አለ።

የምስጢር ቃሉ ይኸው ነበር።

ሻንጣ ጠጋኙ ወስፌውን አስቀመጠ። ሰፈሩ ጋሽ ጠጋኝ ይለዋል፤ የላኩት ሰዎች ዘንድ ግን ስሙ «ቋጠሮ» ነው። ለአውሮፕላን ጣቢያው ቅርብ በሆነች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ የሰው ሻንጣ ሰፍቷል፤ ሁሉም ሲሄድ እያየ፣ እሱ የትም ሳይሄድ። የአንድ ድብቅ የመርዝ ጋዝ ፋብሪካ ፎቶ ያለበት ፊልም በወስፌው እጀታ ውስጥ ተሸጉጧል። እሱን ለመልእክተኛው ካስረከበ ዛሬውኑ አብሮት ይበራል። ወዲያ ማዶ ልጁ ትጠብቀዋለች። ትቷት ሲመጣ ገና ትድህ ነበር።

«ስፌቱን እናጠብቀዋለን» ሲል የመልሱን ቃል ሰጠ። «መንገድ እንዴት ነበር?»

«ተወኝ ባክህ። አሥራ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ መምጣት ወገብ ይፈጃል። ከጣቢያው በቀጥታ ወደ አንተ ነው የመጣሁት።»

ቋጠሮ አጎነበሰ። ፊቱ እንዳይታይ።

ይኸውላችሁ፣ አሥራ አንድ ሰዓት የሚፈጀው ከዚህ ወደ ማዶ ሲሄዱ ነው። ያኔ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል። ሲመጡ ግን ፊት ለፊት ይገጥምና አሥራ ሦስት ያደርሰዋል። እሱም በዚያው መንገድ ነው የመጣው፤ ልጁን እያሰበ እያንዳንዷን ሰዓት ቆጥሯታል። ርቀቱ ያው ነው። ጊዜው ግን ያው አይደለም።

እውነተኛው መልእክተኛ ገና ሰማይ ላይ ነው።

ቃሉን ያወጣው፣ ከእሱና ከመልእክተኛው ሌላ የሚያውቀውም፣ «አጎት» የሚሉት አለቃው ብቻ ነበር። አጎት ከፍታ ስለሚፈራ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲልክ ነው የኖረው። መሄጃው ይህን ያህል ከሆነ መምጫውም ያው ነው ብሎ ሰዓቱን አሰላና፣ ከመልእክተኛው አንድ እርምጃ ቀድሞ ይህን አስመሳይ ላከ።

አጎት ለፋብሪካው ሰዎች ሸጦታል።

«ወገብ አንጠግንም፤ እጀታው ግን ቀላል ነው» ብሎ ቋጠሮ ቀለደ። ፊልሙ ውስጡ ያለ አስመስሎ ባዶ እጀታ ሰፋለትና ቤቱ ገብቶ እንዲፈታው በሹክሹክታ መከረው። ሰውየው በፊት በር ሲወጣ፣ እሱ በጓሮ ወጣ። ሱቁን እንኳ አልቆለፈም።

ጣቢያው ውስጥ በተቀባዩ ሰው መሀል ተሸጉጦ ጠበቀ። በመጨረሻ እጀታው የተሰበረ ሻንጣ በገመድ የምትጎትት ወጣት ብቅ አለች። ቃሉን ተለዋወጡ። ሰላም የሚላት መስሎ ፊልሙን መዳፏ ውስጥ አኖረው። አጎት እንደከዳቸው፣ በመጀመሪያው በረራ እንድትመለስና ለእሱ ምንም እንዳትነግረው አስጠነቀቃት።

«እርስዎስ ጋሼ? ትኬትዎ እኮ እኔ ጋ ነው።»

አስመሳዩ ከሁለት ሰዎች ጋር በበሩ ገባ።

«የሚያውቁት እኔን ነው። አንቺን አያውቁሽም። ሂጂ።»

«ልጅዎ እዚያ ማዶ ትጠብቅዎታለች። ምን ልበላት?»

ፊቱን ወደ በሩ መለሰ።

«ነፋስ ያዘው በያት።»

ከዚያ ሆን ብሎ በሰዎቹ ፊት አለፈ። ተከተሉት። በገበያው ግርግር ውስጥ አዟዙሮ አደከማቸውና ተሰወረባቸው። አውሮፕላኑ ሲነሣ ድምፁን ሰማ። ቀና አላለም።

ማምሻውን ወደማያውቀው ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ነበር። አጠገቡ የተቀመጡ አሮጊት ወሬ ፈልገው መሰለኝ፣ ልጆች እንዳሉት ጠየቁት።

«የሉኝም፣ እማማ» አላቸው።

አሮጊቷ አዘኑለት። ተነሥተው የመስኮቱን ወንበር ለቀቁለት።