ያልረጋው አናናስ

አናጢውን መጀመሪያ ያየሁት ከጠረጴዛ ሥር ነው። እግሮቹን ማለቴ ነው። የቀረው አካሉ የልጆቹን የመመገቢያ ጠረጴዛ ብሎን እያጠበቀ ከሥሩ ተጋድሞ ነበር። እኔ ደግሞ አንድ ሳህን ከረሜላ ይዤ፣ እሱ መኖሩን ሳላውቅ፣ አሥራ ሁለት ሕፃናት ፊት እየተዋረድኩ ነበር።

በምግብ ሳይንስ ተመርቄ በዚያ መዋዕለ ሕፃናት ወጥ ቤት ከተቀጠርኩ ሁለት ወር አልሞላኝም። ዳይሬክተሯ የልጆቹ ጥርስ በሱቅ ከረሜላ አለቀ ብላ፣ ስኳርና ቀለም የሌለበት ነገር እንድፈልግ አዝዛኝ ነበር። ማንጎ ፈጨሁ፤ ጥቂት ማር ጠብ አደረግኩበት፤ ጭማቂን የሚያረጋውን ጄላቲን በቀዝቃዛ ውሃ አርሼ አቀለጥኩበትና ሲረጋ በቢላ አራት ማዕዘን አድርጌ ቆረጥኩት። እንደ ጆሮ ጫፍ የሚለሰልስ፣ ሲጫኑት ተመልሶ የሚነሣ ነገር ወጣኝ። ኮርቼበት ነበር።

ድንቢጥ የምንላት ቀጭን ልጅ አንዱን አንሥታ አሸተተችው።

«ይሄ ሳሙና ነው» አለች።

ከዚያ ወዲያ ማን ይቅመስ። ከጠረጴዛው ሥር ሳቅ ተሰማ፤ ሰውየው እየተንፏቀቀ ወጣ። ፀጉሩ ላይ የእንጨት ብናኝ ነበረ። ከሳህኑ አንዱን አንሥቶ ጎረሰና ዓይኑን ጨፈነ። ሳሙናው ማንጎ ማንጎ ይላል አላቸው ለልጆቹ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጣዕሙ እንከን የለውም፣ እህቴ። የጎደለው መልክ ነው።»

ስለ ከረሜላው እንደሚያወራ አውቃለሁ። ቢሆንም ፊቴ ጋለ።

ልጆቹ ጋሽ መዶሻ ነው የሚሉት። የድንቢጥ አጎት ነው። እናቷ ሩቅ ከተማ ለሥራ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗት ነበርና ልጅቷን የሚያሳድጋት እሱ ነው። ያን ቀን እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ አፌ ተፈታና ስለ ድሮ ከረሜላ ሠሪዎች ነገርኩት፤ ትሪ ሙሉ እንደ ዱቄት የላመ ስታርች አስተካክለው፣ የእንጨት ቅርጽ ተጭነውበት፣ በጉድጓዱ ውስጥ ጭማቂውን እንደሚያፈሱ። የሚጫን ቅርጽ ግን የለኝም አልኩት።

በሳምንቱ ሐሙስ ከኪሱ አውራ ጣት የምታህል የእንጨት ዓሣ አወጣ። ጀርባዋ ላይ መያዣ ተክሎላታል። እሱ ዓሣዋን ስታርቹ ላይ ይጫናል፣ ቀስ ብሎ ያነሣታል፤ እኔ ጉድጓዱን በማንኪያ እሞላለሁ። እጃችን ሳይነካካ ሠላሳ ዓሣ ሠራን። ሳይነካካ የምለው ልብ ብዬ ስለተከታተልኩት ነው።

ዓሦቹ ለዘር አልተረፉም።

ከዚያ ወዲህ ሳምንቱ ለእኔ ሐሙስ ብቻ ሆነ። ቀንድ አውጣ አመጣ፣ ጨረቃ አመጣ፣ ማሰሪያው የተፈታ ጫማ አመጣ። እኔ አራት ሰው ባለበት ውሃ ስጡኝ ለማለት የምቸገር ሰው ነኝ። ወደ ቤት ስሄድ መንገድ ላይ የምለውን አዘጋጃለሁ፤ ሐሙስ ሲደርስ ከአፌ የሚወጣው «ዛሬ እንጆሪ ነው» ብቻ ነው። «ጥሩ ነው፣ እትዬ ከረሜላ» ይለኛል። ቅንድቡ ላይ ስታርች ሲነሰነስበት እጄ ሊጠርግለት ይነሣል፤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ማንኪያ ይዞ ይመለሳል።

ዋናዋ ምግብ አብሳይ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው፣ ይህን ሁሉ ያያሉ። ያቺን ማንኪያ ዛሬ ስንት ጊዜ ልታነሻት ነው ይሉኛል ሽንኩርታቸውን እየከተፉ። አልሰማሁም እላለሁ።

አንድ ሐሙስ ልጆቹን በየተራ ምን እንደሚቀርጽላቸው ጠየቃቸው። አንዱ አውሮፕላን አለ፤ አንዷ ድመት አለች። ድንቢጥ «እናቴን» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ጃንጥላ የያዘች ሴት ቀርጾ መጣ። ልጅቷ ከስታርቹ የወጣችውን ቀይ ሴት መዳፏ ላይ አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየቻት። እግሯ አጭር ነው ብላ ፈረደች። ግን አልበላቻትም፤ ኪሷ ውስጥ ከተተቻት። አጎቷ በማግስቱ ኪሷ ውስጥ የቀለጠውን ለማስለቀቅ እንዴት እንደታገለ ሲነግረኝ እየሳቀ ጀመረ፤ ሳይስቅ ጨረሰ።

እህቱ የደወለችው ከዚያ ሁለት ወር ቆይታ ነው። ደህና ሥራና ቤት አግኝታለች፤ ልጇን ትፈልጋለች። ድንቢጥ ያለ አጎቷ ንቅንቅ አልልም አለች። በዚያው ከተማ ያለ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ለእሱም ቦታ ሰጠው። መንገዱ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው፤ እሑድ ይሄዳሉ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ሐሙስ ዕለት የወጥ ቤቱን በር ተደግፎ ነው። በመጨረሻ ለልጅቷ የመንገድ የሚሆን አንድ ሣጥን ከረሜላ እንድሠራላት ጠየቀኝ፤ የምትወደውን የአናናሱን።

«እሺ» አልኩት።

በሩ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ሄደ።

ዓርብ ቀን አናናስ ላጥኩ፣ ፈጨሁ፣ አጠለልኩ፣ ጄላቲኑን አቀለጥኩበት፣ ቅርጾቹን ሁሉ ሞላሁ። ቅዳሜ ጧት ሣጥኑን ይዤ ስመጣ ትሪው ላይ አንድም ከረሜላ አልነበረም። ጭማቂው ስታርቹ ውስጥ ሰርጎ ሊጥ ሆኗል።

እማማ በጣታቸው ነካ አድርገው ቀመሱት።

«አናናሱን አላፈላሽውም?»

ጥሬ አናናስ ጄላቲንን ይበላዋል፤ ቀድሞ ካልፈላ ምንም ቢደረግ አይረጋም። ይህን ለእሳቸው ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። በትልቁ ጽፌ ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ።

«የዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጥኩት እኔ እንኳ አውቀዋለሁ» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ለሰለሰ። «ከመቼ ጀምሮ ነው፣ ልጄ?»

ስለ አናናሱ እንዳልጠየቁኝ ገባኝ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።

«ከዓሣዋ ጀምሮ» አልኩ።

ከመደርደሪያው ያልተላጠ አናናስ አውርደው ፊቴ አስቀመጡና፣ ገበያ አለብኝ ብለው ወጡ። ቅዳሜ ገበያ እንደማይሄዱ ሁለታችንም እናውቃለን።

ረፋዱ ላይ መጣ። ድንቢጥን ግቢው ውስጥ ዥዋዥዌው ላይ ትቷት ገባና ድስቱን አየ። አልደረሰም እንዴ ሲለኝ ተበላሽቶብኝ እንደገና እየሠራሁ መሆኑን ነገርኩት።

«አንቺ እጅ ላይ ደግሞ ምን ይበላሻል?»

ልዋሽ እችል ነበር። ጄላቲኑ አሮጌ ነው ማለት ቀላል ነበር። ስለ ምግብ ግን ዋሽቼ አላውቅም።

«አናናስ መጀመሪያ መፍላት አለበት» አልኩ፣ ዓይኔን ከድስቱ ሳላነሣ። «አንደኛ ዓመት እያለሁ ነው የተማርኩት። አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም። ሐሙስ እሄዳለሁ አልከኝ። ዓርብ ረሳሁት።»

ቀና ስል እያየኝ ነበር፤ መጋዙን ከማሳረፉ በፊት እንጨቱን ደጋግሞ እንደሚያየው ዓይነት አስተያየት።

«ሐሙስ እኮ እሺ ብቻ ነው ያልሽኝ።»

«ሌላ ቃል አልመጣልኝም።»

«እኔ ደግሞ በሩ ላይ የቆምኩት ሌላ ቃል ይመጣል ብዬ ነበር።»

ማማሰያውን ከእጄ ወስዶ ማማሰል ጀመረ። እጁ እንጨት እንጨት ይሸት ነበር።

«አትሂድ በይኝ» አለ ቀስ ብሎ። «አንዴ በይኝና እቀራለሁ።»

ስምንት ወር ሙሉ የተመኘሁት ይህንኑ ነበር። ከፊቴ አስቀምጦልኛል፤ የቀረኝ አፌን መክፈት ብቻ ነው። በመስኮቱ የድንቢጥ ድምፅ ይመጣል። ዥዋዥዌው ላይ ተቀምጣ ለዘበኛው ታስረዳለች፦ የእናቴ ቤት በሩ ሰማያዊ ነው፤ አጎቴ በሩ አጠገብ ይተኛል፤ እንዳልፈራ።

«አልልህም» አልኩት።

ማማሰያው ቆመ።

«የእናቷን ፊት እንኳ በደንብ አታስታውስም። ያለ አንተ ወደማታውቀው ሰው ቤት እንዴት ትገባለች? አትሂድ አልልህም።» የቀረውን በሹክሹክታ ነው የጨረስኩት። «ነይ ካልከኝ ግን እመጣለሁ።»

አንድ ነገር ሊል ከንፈሩ ተላቀቀ። በዚያች ቅጽበት ልጅቷ እየሮጠች ገባች። ዘበኛው ሰማያዊ በር የሚባል የለም ብሏታል፤ አጎቷ ወጥቶ ይንገርላት። እጁን ይዛ ጎተተችው።

ሲመለሱ ሦስታችን ሆነን ቅርጾቹን ሞላን። ያን ቀን እጃችን ተነካካ። ማናችንም አልሰበሰብነውም።

እሑድ ጧት ሣጥኑን እማማ አደረሱላቸው። እኔ መናኸሪያ አልሄድኩም። አውቶቡስ ሲሄድ ቆሞ ለማየት ጉልበት አልነበረኝም።

በየሳምንቱ ይደውልልኝ ነበር። የፋብሪካው ማሽን ጩኸት ጆሮውን እንዳደነቆረው ይነግረኛል። ድንቢጥ እናቷን በመጀመሪያው ሳምንት «እርስዎ» ትላት እንደነበር፣ አሁን ፀጉሯን ከእናቷ በቀር ማንም እንዲነካባት እንደማትፈልግ ይነግረኛል። እኔም የሠራሁትን እነግረዋለሁ፤ ኮክ፣ ብርቱካን፣ ወይን። ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንላለን። ቃሏ እዚያ ዝምታ ውስጥ የተደበቀች ይመስለኝና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ አዳምጣለሁ። «በይ ደህና ሁኚ» ይላል። ነይ አይልም።

አዲስ የተቀጠሩት አናጢ ሽማግሌ ናቸው፤ ሥራቸው ጥሩ ነው። ከጠረጴዛ ሥር እግር ባየሁ ቁጥር ግን ልቤ ትዘላለች፤ ካልሲውን አይቼ አስቀምጣታለሁ።

በአምስተኛው ወር አክስቴ አንድ ፋርማሲስት አመጣችልኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማው ፊት ያሳያል። እምቢ ስል እናቴ ጓዳ ጠራችኝ።

«የምትጠብቂው ሰው አለ?»

«አላውቅም።»

«አላውቅም ማለት አለ ማለት ነው። ለመሆኑ ምን ብሎሻል?»

አሰብኩ። «ባለፈው የልጅቷ የፊት ጥርስ እንደወለቀ ነገረኝ።»

እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቁ ሲቆም እንባው አልቆመም። እኔን ለመሸኘት ከዚያን ቀን ጀምሮ እየተለማመደች እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ለፋርማሲስቱ የሚነገረውን መልስ ራሷ ለአክስቴ ነገረችልኝ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ሰኞ እንጆሪ እያማሰልኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ሰኞ ደውሎ አያውቅም።

«ቤት ተከራየሁ» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ። «እስከ ዛሬ እህቴ ሳሎን ወለል ላይ ነበር የምተኛው። ሰው ወለል ላይ ተኝቶ ምን ብሎ ሰው ይጠራል? አሁን ሁለት ክፍል ነው። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ግን ትልቅ ነው።»

«ጥሩ ነው» አልኩ።

«ድንቢጥ ከእናቷ ጋር ማደር ለምዳለች። ትናንት ራሷ ሂድ አለችኝ፤ ታንኮራፋለህ ብላ።»

«ጥሩ ነው» አልኩ እንደገና።

ያ የምናውቀው ዝምታ መጣ። ትንፋሹ ይሰማኛል። ደህና ሁኚ ይለኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ነይ» አለ።

ጄላቲን የገባበትን ድስት ትቶ መሄድ አይቻልም፤ ከፈላ መርጋቱ ይቀራል። እኔ ደግሞ በሕይወቴ አንዴ ድስት አበላሽቻለሁ፤ ይበቃኛል።

«እሳት ላይ ነኝ» አልኩት። «አሥር ደቂቃ ጠብቀኝ።»

ሳቀ። ሳቁን ሳይጨርስ እጠብቃለሁ አለኝ።

ስልኩን ሳልዘጋ የስታርቹ ከረጢት ላይ አስቀመጥኩት። ድስቱን ከእሳት አወጣሁ። ትሪዎቹን አንድ በአንድ ሞላሁ፤ አንዲት ጠብታ ከጉድጓዷ ውጭ አልወደቀችም። በስልኩ ውስጥ ወንበር ሲጎተት፣ እሱ ሲያስል፣ ከሩቅ ድንቢጥ «ምን አለች?» ስትል ይሰማኛል። እጄን ታጠብኩ። ሽርጤን ፈታሁ።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«ከዚህ ወደዚያ» አልኩ፣ «አውቶቡሱ የሚነሣው በየስንት ቀኑ ነው?»