በወሬ የተለካ ዳገት

ነርሷ ከክሊኒኩ ግቢ የወጣችው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ ያውም ስስ ሹራብ ብቻ ለብሳ። ካፖርቷ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ቀረ። ሰው ሲጣደፍ ብርዱን ይረሳል፣ ብርዱ ግን ሰውን አይረሳም።

የሚያጣድፍስ ነገር ነበር። አባቷ ተራራው ጫፍ ላይ ባለው ጣቢያ ዝናብና ነፋስ የሚመዘግብ ሠራተኛ ነው። አንድ ወር ቆላ ከርሞ ወደ ሥራው ከተመለሰ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ንጋት ላይ በሬዲዮ የተሰማው ድምፁ በአንድ ትንፋሽ አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ደረቴ... ውሃ... ሞላ...»። ከፍታው ሳንባውን አጥለቅልቆታል። ሳይመሽ ካልወረደ በሕይወት አያድርም።

መንገድ የሚመራት የእናቷ ወንድም፣ በቅሎ ነጂው ነው። ከአካሄዱ የተነሳ ሰው ሁሉ «ዝግታ» ይለዋል። የክሊኒኩን ብቸኛ የኦክስጅን ሲሊንደር በቅሎዋ ላይ ጠፍሮ አሰረና፣

«ስትሄጂ አውሪ» አላት።

«አባቴ እየሞተ ምን ላውራ፣ ጋሼ?»

«የፈለግሽውን። የጎረቤት ሐሜትም ይሁን። ንግግርሽ መሃል ላይ ከተቆረጠ ፈጥነሻል ማለት ነው።»

የዚያ ተራራ በቅሎ ነጂዎች ዳገት የሚለኩት እንዲህ ነው። እሷ ግን የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት በእጇ አስራለች፤ ሜዳ ላይም የሚቀድማት የለም። ተቀምጣ ስልሳ ስምንት የነበረው ምቷ፣ ከሁለት ሰዓት መንገድ በኋላ መቶ ሃምሳ ገባ። አየሩ ሲሳሳ ልብ የጎደለውን ለማሟላት ይሮጣል፤ እግር ካላዘነለት ሁለቱም ይወድቃሉ። ትዕግሥቷ አለቀና አጎቷን ጥላው ወደ ፊት ተፈተለከች። ሁለት መቶ እርምጃ። ሰዓቷ መቶ ሰማንያ አንድ አሳየ። ድንጋይ ተደግፋ አስመለሳት።

ዝግታ በዚያው እርምጃው፣ ሳያለከልክ ደረሰ።

«ቸኩለሽ ግማሽ ሰዓት አከሰርሽን» አለና ውሃ አቀበላት።

ገና ሳትነሳ ጉም ወረደ። በረዶ ከነፋስ ጋር ፊታቸውን ገረፈው። ስሱ ሹራብ ሰውነቷ ላይ ተጣበቀ። አጎቷ መብራት እንደጠፋበት ሰው በእጁ እየዳበሰ ይመራል፤ እሷ በየትንፋሹ አንድ እርምጃ እየረገጠች፣ የአክስቷ ሠርግ ላይ ኬኩ እንዴት እንደወደቀ ታወራለች።

ጉሙ ሲገለጥ ነብር ነበር፤ ሠላሳ እርምጃ ርቆ፣ ቋጥኝ ላይ። በቅሎዋ ተፈናጠረች።

«እንዳትሮጪ። እዚህ ብትሮጪ ሳይነካሽ ትወድቂያለሽ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አውሪ። ኬኩ ወደቀና?»

«ወደቀና... ሙሽራው... ሙሽራው ረገጠው!» ብላ ጮኸች። ዝግታ ዱላውን ሽቅብ አነሳ። ነብሩ ጅራቱን ወዘወዘና፣ በነገሩ እንደተሰላቸ ሰው፣ ሽቅብ ወጥቶ ተሰወረ።

ብዙም ሳይሄዱ፣ ከኋላ ሁለት አዳኞች እያለከለኩ ደረሱባቸው። ነብሩን ፈልገው ነው። አንደኛው ጠመንጃውን የዝግታ ደረት ላይ ደገነ፤ ሌላው የበቅሎዋን ልጓም ነጠቀ።

«በቅሎዋ ቆዳውን ትሸከምልናለች!»

ከነሲሊንደሩ ሽቅብ እየጎተቱ ሮጡ። ነርሷ ልትከተል ስትል አጎቷ እጅጌዋን ያዘ።

«በዚህ ሩጫቸው ሩቅ አይሄዱም።»

ሰዓቷን አየች፦ መቶ ስልሳ። ቆመች። መቶ ሠላሳ እስኪል ጠበቀችና እግሯን አነሳች። እንደዚያ ያለ ረጅም መጠበቅ በዕድሜዋ ጠብቃ አታውቅም።

አንድ ሰዓት ሄደው አገኟቸው። ጠመንጃ የደገነው ራሱን ይዞ ተዘርሯል፤ ሊነሳ ሲሞክር እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል። ጓደኛው ፊቱ አመድ መስሎ፣

«እህቴ፣ ከዚያች ኦክስጅን ስጪው» አላት።

«ባለቤት አላት። የጓደኛህ መድኃኒት ቁልቁለቱ ነው። ደግፈውና አሁኑኑ ውረዱ።» ልጓሙን ከእጁ ወሰደች። «ስትወርዱ አስወራው።»

ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ምቷ መቶ አሥራ ስምንት ነበር። አባቷ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል። የኦክስጅን ጭምብሉን አሰረችለት፤ ሲሊንደሩን ከፈተች።

«መጣሽ...» አለ። ሌላ ቃል አልቻለም።

በቅሎዋ ላይ አስረው፣ ጭምብሉን እንዳደረገ ቁልቁል ጀመሩ።

«አማቼ፣ አውራ እንጂ» ይለዋል ዝግታ በየመታጠፊያው።

ነብሩን ያዩበት ቋጥኝ ጋ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ቃል። ከጉሙ በታች አራት። ዛፎቹ ሲጀምሩ አባት ጭምብሉን ገለጥ አደረገ፤ ልጁን ከላይ እስከ ታች አያት።

«በዚህ ሁሉ ብርድ ያንን ስስ ሹራብ ብቻ ለብሰሽ ነው እንዴ ተራራ የወጣሽው፣ ካፖርት የሚባል ነገር ቤት ውስጥ የለሽም?»

ንግግሩ መሃል ላይ አልተቆረጠም።

ዝግታ በቅሎዋን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጠን አደረጋት። ነርሷ «ካፖርቴማ... በሩ... ጀርባ...» ብላ እንባዋን ጠረገች። ሰዓቷ ዘጠና ብቻ ያሳያል፤ የተቆረጠው ግን የእሷ ንግግር ነበር።