የሚያልበው ግድግዳ

ግድግዳ ሲያልበው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እውነቱን ተናገሩ። ዝናብ ሳይገባበት፣ ቧንቧ ሳይፈነዳበት፣ በሩና መስኮቱ ተዘግቶ፣ የአየር ማቀዝቀዣው እያጉረመረመ፣ ግድግዳ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ግንባር ጠብታ ሲያወጣ አይታችኋል? ካላያችሁ «እነዚህ ሰዎች ቤታቸውን ስለማያጸዱ ነው» ለማለት አትቸኩሉ። ይህንኑ የሚል ደብዳቤ በኖኤሊ ቬርዳን ቤት በር ላይ ተለጥፏል። የእናንተ ተጨማሪ አያስፈልግም።

ኖኤሊ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሟች አያቷ በፔፔ ክፍል ውስጥ የጎማ ጓንት አጥልቃ፣ በረኪና የነካ ጨርቅ ይዛ ግድግዳ እየፈተገች ነበር። ጥቁሩ ሻጋታ ከአልጋው ራስጌ ተነስቶ ወደ ላይ ወጥቷል። ከታች ሰፊ ነው፤ ከፍ ሲል ይጠባል፤ ጫፉ ላይ ክብ ይሆናል። ትከሻ፣ አንገት፣ ራስ።

«ፊቱን አትጥረጊው» አለ ወንድሟ ክሌ ከበሩ ላይ። ሰባት ዓመቱ ነው። የአስም መንፊያውን በሁለት እጁ አቅፎ ይዟል።

«የማንን ፊት?»

«የፔፔን ነዋ።»

«ሻጋታ ነው፣ ክሌ። ሻጋታ ፊት የለውም። ውጣ ከዚህ፣ በረኪናው ያስልሃል።»

«ፊት ከሌለው ለምንድነው ስታጠፊው ተመልሶ የሚመጣው?»

ኖኤሊ መፈተጓን ቀጠለች። ስትፈትገው ይህ አራተኛ ጊዜዋ ነው። በአምስት ቀን ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ እዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ። መስኮቱም ሌላ ጉድ ነው። እሷ ጥርቅም አድርጋ ትዘጋዋለች፤ በማግስቱ ስትመጣ አንድ ስንዝር ተከፍቶ ታገኘዋለች። ፔፔ በሕይወት እያለ አመሻሽ ላይ ልክ እንደዚያ ነበር የሚከፍተው። «ቤት ካልተነፈሰ ይሞታል» ይል ነበር። የሞተው ግን እሱ ነው፤ መጋቢት ላይ።

ሠፈሩ ባዩው ከሚባለው ረግረጋማ ወንዝ ዳር፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙ አርባ ቤቶች ናቸው። አውሎ ነፋሱ የድሮዎቹን ቤቶች ጠራርጎ ከወሰደ በኋላ አንድ ድርጅት ሠርቶ አከራያቸው። እያንዳንዱ ቤት አዲስ፣ ትልቅ፣ ነጭ የአየር ማቀዝቀዣ ተገጠመለት። ሰዉ ማሽኖቹን ሲያይ ፈነደቀ። ሉዊዚያና ውስጥ በነሐሴ ሙቀት ትልቅ ማቀዝቀዣ የሚጠላ ማን አለ? ዓመት ሳይሞላ ግን ጫማ በቁም ሳጥን ውስጥ ፀጉር አበቀለ፣ ጨው በዕቃው ውስጥ ድንጋይ ሆነ፣ ልጆች ማሳል ጀመሩ። ክሌ በሐምሌ ብቻ ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ተኝቷል። ድርጅቱ ደግሞ ደብዳቤ ለጠፈ፤ «በአኗኗር ጥንቃቄ ጉድለት ለተፈጠረው ሻጋታ ተከራዮች ተጠያቂ ናቸው። በአሥር ቀን ውስጥ ካልተወገደ ቤቱን ይለቃሉ።» ሐሙስ ዕለት በእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ስብሰባ ይኖራል።

ኖኤሊ ጓንቷን አውልቃ ወደ ጎረቤት ወረደች። ኖንክ ኦሬል በቤታቸው ምሰሶዎች ሥር የሸርጣን ወጥመድ ይጠግናሉ። የሠፈሩ ልጅ ሁሉ «ኖንክ» ይላቸዋል፤ አጎቴ እንደማለት ነው። ሥራቸው ማቀዝቀዣ መግጠም ነው። አርባዎቹንም ማሽኖች የገጠሙት እሳቸው ናቸው።

«ኖንክ፣ ማሽናችን ታሟል።»

«አንቺ ነሽ የታመምሽው፤ በረኪና በረኪና ትሸቻለሽ። ዋና ስትማሪ ዋልሽ እንዴ?»

«አቦ ሙድ አይያዙብኝ! ቤቱ እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ግን አንሶላው እርጥብ ነው።»

ኖንክ ኦሬል መርፌያቸውን አስቀመጡ። «ስሚ። ማቀዝቀዣ ሁለት ሥራ አለው። አንዱ ማቀዝቀዝ ነው። ሁለተኛው ከአየሩ ላይ ውሃ መጭመቅ። ለማቀዝቀዙ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ውሃውን ለመጭመቅ ግን ረጋ ብሎ ረጅም ሰዓት መሥራት አለበት። የጨመቀው ውሃ በውጭ ባለው ቱቦ ይንጠባጠባል። የእናንተ ይንጠባጠባል?»

«ትንሽ ያንጠባጥብና ይደርቃል።»

«የማሽኑ ማራገቢያስ? ሁልጊዜ ክፍት ነው?»

«ደብዳቤው ላይ ሁልጊዜ ክፈቱት ይላል።»

«ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲነሳና እንዲጠፋ አድርጊው። ማሽኑ ቆሞ ማራገቢያው ብቻ ሲነፍስ፣ የተጨመቀውን ውሃ መልሶ ቤት ውስጥ ይረጨዋል።» ከመሣሪያ ሳጥናቸው የእጅ ሰዓት የምታክል መለኪያ አውጥተው ሰጧት። «ይቺ የአየሩን እርጥበት ትነግርሻለች። ከሃምሳ በመቶ ብዙ ማለፍ የለበትም።»

«ስንት ደቂቃ መሥራት ነበረበት፣ ኖንክ?»

«ሃያ። በዚህ ሙቀት ከዚያም በላይ።»

«የእኛ እኮ ስድስት ደቂቃ ሠርቶ ነው የሚቆመው። ቆጥሬዋለሁ።»

ኖንክ ኦሬል ወጥመዳቸውን መልሰው አነሱ። ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አላዩዋትም።

መለኪያዋ ቤት ውስጥ ሰባ ስድስት አለች። ኖኤሊ ማራገቢያውን አስተካከለች፤ በማግስቱ ሰባ አንድ ሆነ። ወጥ ሲፈላ ክዳን አደረገች፤ እርጥብ ልብስ ቤት ውስጥ መስቀል አቆመች። ሰባ። የቀረው መስኮቱ ነበር። የውጭው አየር ራሱ ውሃ ነው፤ ተከፍቶ የሚያድር መስኮት ባዩውን በባልዲ እየቀዱ ቤት ውስጥ እንደ መድፋት ነው። ማን እንደሚከፍተው ማወቅ ነበረባት። ክሌ ግን አስቀድሞ መልሱን ይዟል፤ «ፔፔ ነው። ሲከፍተው እሰማለሁ። እንጨቱ ይጮኻል።»

ሰኞ አመሻሽ ላይ ኖኤሊ ከፔፔ በር ኋላ ተደብቃ ቆመች። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ የእርጥብ ሱፍና የአሮጌ ትምባሆ ሽታ አለው። ጣሪያው ውስጥ የሆነ ነገር ሁለቴ ተንኳኳ። የማሽኑ ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ እንደሚኮማተር ታውቃለች። ቢሆንም የአንገቷ ፀጉር ቆመ። ግድግዳው ላይ ያ ትከሻ እንደገና መታየት ጀምሯል፤ ስታየው የሚያያት መሰላት። ከዚያ የእግር ኮቴ ሰማች። እንጨቱ ጮኸ።

እናቷ ነበረች። አርዚሊ ቬርዳን ከሸርጣን ፋብሪካው የለበሰችውን ሽርጥ እንኳ ሳታወልቅ መስኮቱን አንድ ስንዝር ከፍታ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማማ!»

እናትየው ደንግጣ ደረቷን ያዘች። «ልትገድይኝ ነው? እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አንቺ ምን ትሠሪያለሽ? ክሌ እኮ ፔፔ ነው ብሎ ያስባል!»

አርዚሊ የአልጋውን ልብስ በመዳፏ ዳበሰች። «ሰው ሲሞት መስኮት ይከፈትለታል» አለች በመጨረሻ። «እናቴ ስትሞት እሱ ራሱ ነው የከፈተላት፤ ነፍሷ እንድትወጣ። እሱ ግን ሆስፒታል ነው የሞተው። የዚያ ክፍል መስታወት አይከፈትም፣ ኖኤሊ። ነርሷን ለመንኳት። ‹እመቤቴ፣ መክፈቻ የለውም› አለችኝ። ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ነበር። ታዲያ የት ይሂድ? እዚህ መጥቶ ቢሆንስ?»

ኖኤሊ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። መለኪያዋን አሳየቻት። ቁጥሩን፣ የክሌን ሳል፣ ሐሙስን ነገረቻት።

«ሦስት ቀን» አለች እናቷ። «ሦስት ቀን ብቻ ይዘጋ። ከዚያ በላይ አልዘጋበትም። ደግሞ ይህን ጉዳይ አዳራሽ ወስደሽ እንዳትዘረግፊው። አባቴ ለእነዚያ ሰዎች መሳቂያ አይሆንም።»

በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ክሌ በባዶ እግሩ እየሮጠ መጣ። «መጥቷል! በረንዳው ላይ ነው!» ወደ በረንዳው በሚያየው፣ በቀዘቀዘው የፔፔ መስኮት ላይ የውጭው ሙቀት ጉም ሠርቷል። በጉሙ መሃል የእጅ አሻራ ነበር። መዳፉ ሰፊ ነው፤ ጣቶቹ አራት። ቀለበት የሚደረግባት ጣት የለችም። ፔፔ በወጣትነቱ ያቺን ጣቱን ጀልባ ላይ የመረብ መጎተቻ በልቶበታል።

ኖኤሊ ምክንያቱን ለማግኘት ታገለች። ፔፔ በረንዳው ላይ ተቀምጦ እያመሸ መስኮቱን በእጁ ይገፋ ነበር፤ የእጅ ቅባት መስታወት ላይ ይቆያል፤ ጉም ሲይዘው ይታያል። መስኮቱ ተከፍቶ ሲያድር ጉም አይዝም ነበርና እስከ ዛሬ አላዩትም። ይህን ሁሉ ለክሌ ነገረችው። ዓይኗን ግን ከአሻራው አላነሳችም። እናቷ ወጥታ መዳፏን አሻራው ላይ ሳታስነካ አጠገቡ ዘረጋች፤ ከዚያ ወደ ሥራ ሄደች።

በሦስተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ መለኪያዋ ስልሳ ሰባት አለች። ማራገቢያው ተስተካክሎ፣ ድስቱ ተከድኖ፣ መስኮቱ ተዘግቶ ስልሳ ሰባት! ኖኤሊ መለኪያዋን ይዛ መስኮት ከፍተው የማያውቁ ሦስት ቤቶች ገባች። ስልሳ ስድስት። ስልሳ ዘጠኝ። ሰባ። ሦስቱም ጋ ማሽኑ ስድስት፣ ሰባት ደቂቃ ሠርቶ ቀጥ ይላል። ከዚያ በቀጥታ ኖንክ ኦሬል ዘንድ ሄደች።

«ማሽኖቹ ለቤቶቹ ትልልቅ ናቸው፣ አይደል?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አይደል?»

«የዚህን ሁለት እጥፍ ለሚሆን ቤት የተሠሩ ናቸው» አሉ ኖንክ ኦሬል በሹክሹክታ። «ቤቱን ቶሎ ያቀዘቅዙና ውሃውን ሳይጨምቁ ይቆማሉ። በጅምላ መጡ፤ ግጠም ተባልኩ። አይሆንም ብዬ ጽፌላቸው ነበር። የገጠምኩት ግን እኔ ነኝ።»

«ነገ ይናገሩታል?»

«ኖኤሊ፣ እኔም የምኖረው በእነሱ ቤት ነው። ከእነሱ ሌላ ሥራ የለኝም። ተይኝ፣ የኔ ልጅ። እለምንሻለሁ።»

ሐሙስ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የድርጅቱ ሰው ሚስተር ዊትኮም የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ በትልቅ ሰሌዳ ላይ የሰዎችን መታጠቢያ ቤት ፎቶ እያሳየ ስለ ንጽሕና ያስተምራል። ሽሪምፕና ሸርጣን እየፈለፈሉ አርባ ዓመት ወለል ሲወለውሉ የኖሩ እናቶች ተቀምጠው ይሰሙታል! ኖኤሊ እጇን አወጣች፤ ሳይፈቅድላት ተነሳች።

«ይቅርታ፣ ማሽኖቹ—»

«አንድ ጥያቄ ላስቀድም» አለ ሚስተር ዊትኮም ፈገግ ብሎ። «እናንተ ቤት መስኮት ትከፍታላችሁ?»

ሰው ሁሉ ወደ ኖኤሊ ዞረ። «አንከፍትም» ማለት ቀላል ነበር። ማንም አላየም። እናቷ በሦስተኛው ረድፍ፣ እጇን ጭኗ ላይ አጣጥፋ፣ ወለሉን እያየች ነው። ኖኤሊ ውሸቱን ምላሷ ጫፍ ላይ አገኘችው። ዋጠችው።

«እንከፍት ነበር» አለች። «በየቀኑ አመሻሽ ላይ፣ አንድ ስንዝር ያህል። ለምን እንደምንከፍት የቤታችን ጉዳይ ነው።»

ከኋላ የሆነ ሰው ሳቀ። ሚስተር ዊትኮም «ይኸው!» ብሎ እጁን ዘረጋ። እናቷ ቀና አለች፤ አልተቆጣችም። ዞር ብላ የሳቀውን ሰው አየችው፤ ሳቁ ቆመ።

«ሦስት ቀን ዘግተን ለካን» ቀጠለች ኖኤሊ። «ከሰባ ወደ ስልሳ ሰባት ወረደ። የኛ ጥፋት ያቺ ሦስት ናት፤ ወስደናታል። ማራገቢያውን ሁልጊዜ ክፈቱት ያላችሁን እናንተ ናችሁ፤ ያ አምስት ነው። ከሃምሳ በላይ የቀረው የማነው? መስኮት የማይከፍቱት ጎረቤቶቻችንም ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ዘጠኝ፣ ሰባ ናቸው። ማሽኑ ለምን በስድስት ደቂቃ ይቆማል?»

«የኔ እመቤት፣ ባለሙያ አይደለሽም።»

«አይደለሁም» አለች።  ባለሙያው ግድግዳውን ተደግፈው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሹ ቆመዋል። ትናንት ማታ ስለ እሳቸው ምንም ላለመናገር ወስና ነበር የተኛችው። የክሌ ትንፋሽ እንደ ፉጨት ከጎኗ ይሰማታል። ሚስተር ዊትኮምን ትታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ኖንክ ኦሬል፣ በጣም እወድዎታለሁ። ማሽኖቹን የገጠሙት እርስዎ ነዎት፤ ልካቸውንም ያውቃሉ። ለኔ በሹክሹክታ አይንገሩኝ። እዚህ፣ ሁሉም ሰው ፊት፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይመልሱ፤ ለቤቶቻችን ልክ ናቸው ወይስ አይደሉም?»